የሉኪያ ቅርጫት

«ቀጭ!»

የወይኑ ሐረግ ከወገቡ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ሉኪያ በእጇ የቀረውን ቁራጭ አፍጥጣ አየችው። ከወይኗ ላይ ስትሰብር ይህ ሁለተኛው ነው። ከጉልበቷ ጎን ደግሞ ጠዋት ለልምምድ ስትሰባብር ያረፈደችው ክምር አለ፤ ለሠርግ ድግስ ማገዶ ይበቃል፣ ተርፎም ለመልሱ ይሆናል።

«እኔ የምልሽ» አለ ድንጋይ ካቡ ላይ የተቀመጠው አርጊሪስ፣ «አያትሽ ወይን ጎንጉኚ ነው ያሉሽ ወይስ የጥርስ መፋቂያ ቁረጪ?»

«ሙድ አትያዝብኝ።»

«እኔ መቼ ያዝኩብሽ? ወይኗ ናት የያዘችብሽ።»

ሁለቱም ዐሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮም ይጨቃጨቃሉ። አርጊሪስ እግሩን እያወዛወዘ፣ በግራ እጁ ጠጠር እየለቀመ፣ ወዲያ ማዶ የተጣለች ባዶ የወይራ ጣሳ ላይ ይወረውራል። ስቶ አያውቅም። ዝንብ ጣሳው ላይ ብታርፍ ክንፏን መርጦ ይመታታል።

የጥር ብርድ ነው። በዚህ ወር ሳንቶሪኒ ላይ እንግዳ የለም። ሆቴሎቹ መስኮታቸውን ዘግተው ተኝተዋል፤ ደሴቱ ለባለ ወይኖቹና ለነፋሱ ተመልሷል። ነፋሱ ደግሞ እንደ ሌላ አገር ነፋስ አይደለም። አንድ እሑድ የቄስ ሌፍቴሪስን ቆብ ከራሳቸው ላይ ነጥቆ፣ ሦስት መንደር አዙሮ አሳይቶት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ መልሶ ደፍቶላቸዋል። መንደሩ በሙሉ አይቷል፤ ያላየ ካለ የዚያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ያልመጣ ነው።

እንዲህ ያለ ነፋስ ፊት ወይን ቀጥ ብዬ ልቁም ቢል ከነሥሩ ባሕር ይገባል። ስለዚህ በሳንቶሪኒ ወይን አይቆምም፤ ይቀመጣል። ሐረጉ በየዓመቱ እንደ እንቅብ ዙሪያውን እየተጎነጎነ መሬት ላይ ክብ ቅርጫት ይሆናል። ፍሬው እዚያ ቅርጫት ውስጥ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ተሸሽጎ፣ በእናቱ ክንፍ ሥር እንዳለ ጫጩት ያድጋል። ዝናብ እንኳ አይለምንም። እሳተ ገሞራው በጥንት ዘመን የተፋው ነጭ፣ ቀላል ድንጋይ ሌሊት ከባሕር የሚወጣውን ጉም ይመጥጠውና ጠዋት ለሥሩ ያጠጣዋል። የሥሩን ጥልቀት ለክቶ የጨረሰ ሰው የለም። የሉኪያ አያት አባባ ኒኪታስ ግን «ምን መለካት ያስፈልጋል?» ይላሉ። «የኔ ወይን ሥር ሰይጣንን እግሩ ሥር ኮርኩሮት አይደል እንዴ ያ ተራራ የፈነዳው!»

አባባ ኒኪታስ እንዲህ ናቸው። ጉራ እንደ ወይን የሚጠመቅ ቢሆን የሳቸው በርሜል ብቻ ደሴቱን ያሰጥመው ነበር። ይሁንና ጉራቸው ባዶ ጉራ አይደለም። ከእሳተ ገሞራው አመድ ተፈልፍሎ በተሠራው ምድር ቤታቸው የሚጠምቁት ወይን ጠጅ እንደ ንጋት ፀሐይ ወርቅማ ነው፤ ሽታው የድንጋይና የባሕር ጨው ነው፤ ቀምሶት አንደበቱ ያልተፈታ እንግዳ የለም። አንድ ድዳ ነጋዴ መጥቶ ሲሄድ እየዘፈነ ነው ይባላል።

የቤቱ ዋና ኩራት ግን ጠጁ አልነበረም፤ እርሻው ነው። ቅርጫት የአንድን ሰው ዕድሜ ያህል ይኖራል። ሲያረጅ አንገቱ ላይ በመጥረቢያ ይቆረጣል፤ ሥሩ ግን አይሞትም፣ አዲስ ሐረግ ያወጣል። እንዲህ ያለ ሥር ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላው የቤቱ ልጅ ይሰጣል። ልጁ የመጀመሪያውን ዙር በገዛ እጁ ይጎነጉናል፤ ወይኗም ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሙ ትጠራለች። ስለዚህ በአባባ ኒኪታስ እርሻ ውስጥ መሄድ ዘመድ እንደ መጠየቅ ነው። ይህች የአክስት ክሊዮ ናት፣ ያቺ የሉኪያ አባት ወይን ናት፣ እዚያ ጥጉ ጋ ያለችው ከሰው ሁሉ ተጣልቶ የሞተው የአጎት ዞርዚስ ናት። አባባ ጠዋት ጠዋት ቆባቸውን አንስተው በየቅርጫቱ «እንዴት አደራችሁ» እያሉ ያልፋሉ፤ ለአጎት ዞርዚስ ብቻ ቆባቸውን አያነሱም።

ለሉኪያ የተሰጠቻት የማርጋሪታ ሥር ናት። ማርጋሪታ የአባባ ኒኪታስ እናት ነበሩ። ያረጀው ቅርጫታቸው የተቆረጠ ቀን አባባ መጥረቢያውን እንደያዙ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ታይተዋል፤ «ነፋስ ነው» አሉ። የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም።

ከነገ ወዲያ ደግሞ የወይን ገበሬዎች ጠባቂ የቅዱስ ትሪፎን በዓል ነው። ቄስ ሌፍቴሪስ እርሻውን ጸበል ይረጫሉ፤ ሉኪያም በመንደሩ ፊት የወይኗን ስም ትጠራለች። አባባ ወሩን ሙሉ ካፌ ተቀምጠው ሲያወሩ ከርመዋል። «የልጅ ልጄን እጅ አይታችኋል? ስትወለድ እትብቷን ራሷ ናት የጎነጎነችው!»

አሁን ሉኪያ ፊት የቀሩት አራት ሐረጎች ናቸው። አንድ ብትሰብር ለቅርጫት የሚበቃ አይተርፍም። የማርጋሪታ ሥር ሌላ ዓመት ራቁቷን ነፋስ ይገርፋታል፤ አባባም ከነእትብቱ ወሬ የካፌው መሳቂያ ይሆናሉ።

«አልችልም» አለች ድንገት። «በቃ፣ እጄ ቀሽም ነው።»

አርጊሪስ ጠጠሩን ጥሎ ከካቡ ወረደ። አጠገቧ ተንበረከከና አንዱን ሐረግ በሁለት መዳፉ መካከል ይዞ ተነፈሰበት። «ሳታስታምሚው ነው የምታጥፊው። መጀመሪያ አሙቂው። ከዚያ እንዲህ ጠምዝዢው፣ ሲጥ እስኪል ድረስ። ሲጥ ሲል እሺ አለ ማለት ነው። ከዚያ እጠፊው።»

ሐረጉ ሲጥ አለ። ታጠፈም።

«ማን አስተማረህ?»

«አያቴ።» አያቱ ከሞቱ በኋላ አባቱ መሬቱን ለሆቴል ሸጦታል። «የኔ ልትሆን የነበረችው ወይን አሁን መዋኛ ገንዳው ውስጥ ናት። በጥልቁ በኩል» አለና ለመሳቅ ሞከረ።

«አንድ ዙር ብቻ አሳየኝ» አለችው።

አንድ ዙር ጀመረ፤ ግን አላቆመም። ሉኪያም አቁም አላለችውም። እንዴት ትበለው? ጣቶቹ ሐረጉን ሲያባብሉት፣ አንዱን በአንዱ ሥር ሲያሾልኩት፣ ጫፉን ሲሸጉጡት ማየት ዳንስ እንደ ማየት ነበር። ነፋሱ ራሱ ለማየት ቆም ያለ መሰለ። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ቅርጫቱ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ንስር ብታየው እንቁላሏን ታቅፋ ትመጣ ነበር።

አርጊሪስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አያትሽ ከጠየቁሽ ‹እኔ ነኝ› በያቸው። አለቀ።»

«ውሸት ነዋ!»

«ውሸት አይደለም፣ ብድር ነው። በሒሳብ ፈተና ያሳየሽኝን መለስኩልሽ። በይ ደህና እደሪ።»

በማግስቱ ጠዋት አባባ ኒኪታስ ወይኗን ሊያዩ መጡ። ሊያዩ ማለት ሊዳስሱ ነው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ጣቶቻቸው ግን በጨለማ የቁንጫ ፆታ ይለያሉ። ተንበረከኩ። ሌባ ጣታቸውን ከሥሩ አንገት ጀምረው ሐረጉን ተከትለው ሰደዱት። ግማሽ ዙር ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወደ መጀመሪያው መለሱትና እንደገና አዞሩት።

ሉኪያ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ማን አሳየሽ?» አሉ አባባ።

«ማንም። እኔ ነኝ… ራሴ።»

አባባ ቀና ብለው አላዩዋትም። ተነሥተው አፈሩን ከጉልበታቸው አራገፉ። «ያማረ ሥራ ነው» አሉ፤ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ መንደሩ መንገድ ጀመሩ። በየቅርጫቱ ሲያልፉ ቆባቸውን ማንሳት ረሱ።

ሉኪያ ትምህርት ቤት ውላ ስትመለስ አክስቷ ክሊዮ ዳቦ በብብቷ እንደያዘች በሩ ላይ ጠበቀቻት። ክሊዮ የምድር ቤቱ ኃላፊ ናት፤ በርሜል የምታጥበውም፣ ጠጁን የምትቀምሰውም፣ ገዢ የምትገስጸውም እሷ ናት። ድምፅዋ ያለ ስልክ አቴንስ ይደርሳል።

«አባባን ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው!» ብላ ጮኸች።

ሉኪያ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ። «ምን ሆኑ?»

«ዝም አሉ!»

«እ?»

«ዝም አሉ ስልሽ! ዳቦ ልገዛ ካፌው ደጅ ሳልፍ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ያ ነገረኛው ስታማቲስ ‹እህ ኒኪታስ፣ ያቺ ተአምረኛ የልጅ ልጅህስ፣ ጎነጎነች ወይ?› አላቸው። ቤቱ በሙሉ ካርታውን አስቀምጦ ጆሮውን አቆመ። እኔም ‹አሁን ሊጀምሩት ነው፣ ዛሬ እራት የለም› ብዬ ግድግዳ ተደገፍኩ። ምን ያሉ ይመስልሻል?»

«ምን አሉ?»

«‹ደህና ናት።›» ክሊዮ ዳቦውን ደረቷ ላይ አጣብቃ አማተበች። «‹ደህና ናት› ብለው ካርታቸውን ጣሉ! እኔ ስወለድ እኮ ሰውዬው ‹ሴት ልጅ ተወለደችልኝ› አላሉም፤ ‹ደሴቱ ላይ ሁለተኛ ፀሐይ ወጣ› ነው ያሉት! አሁን የልጃቸው ልጅ ወይን ጎንጉና ‹ደህና ናት›? ይኼ ልብ ነው። ወይም ጉበት።»

ሉኪያ ቦርሳዋን ሳታነሣ ወደ እርሻው ሮጠች።

ከማርጋሪታ ሥር አጠገብ ቆማ ቅርጫቱን አየችው። ምንም እንከን የለበትም። እንዲያውም ከእርሻው ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ታዲያ አባባ ምን አግኝተው ነው ጣታቸው የቆመው? ግራ ቢገባት እሳቸው እንደሚያደርጉት አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍና ተንበረከከችና አጠገቡ ያለውን የክሊዮን ቅርጫት ዳሰሰች። ጣቷ ሐረጉን ተከትሎ እየተንሸራተተ ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ አባቷ ቅርጫት ሄደች። ወደ ቀኝ። የአባባ፣ ወደ ቀኝ። ስማቸውን ብቻ የምታውቃቸው የሙታን ቅርጫቶች፣ ቀደም ብሎ በተቆረጠው በጨቅጫቃው አጎት ዞርዚስ ጉቶ ላይ የቀረው ጠባሳ ሳይቀር፣ ሁሉም ለሰሜን ነፋስ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቀኝ ይዞራሉ። የቤቱ ሰው በሙሉ በቀኝ እጁ ነው የሚሠራው።

ተመልሳ የራሷ በተባለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። የድመትን ፀጉር ወደ ኋላ እንደ መዳበስ ነበር። ሐረጉ ወደ ግራ ይዞራል።

አርጊሪስን ከቤቱ ጠርታ እየጎተተች አመጣችው።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?»

«አመመሽ? በግራዬ ነዋ። ይህን ሁሉ ዓመት ደብተርሽን በክርኔ ስገፋብሽ…» አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ቅርጫቱን አየ፤ ጎረቤቱን አየ። «ውይ!»

«አባባ ገና ሲነኩት ነው ያወቁት። እኔ ደግሞ ፊታቸው ቆሜ ‹ራሴ ነኝ› አልኳቸው።»

«እንፍታው?»

«ይፈታል?»

አርጊሪስ ጎንበስ ብሎ አንዱን ሐረግ በጣቱ ጫን አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ሌሊት አድሮበታል። ከፈታነው ይሰበራል። አዲሱ ሐረግ ደግሞ ሁልጊዜ አሮጌውን ተከትሎ ነው የሚጎነጎነው። በግራ ከጀመረ እስኪያረጅ በግራ ነው።»

«ስለዚህ እኔ ዕድሜ ልኬን…»

«አትጨነቂ፤ በየዓመቱ ጥር ላይ ተደብቄ እየመጣሁ አዞርልሻለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክናረጅ ድረስ።»

«ሸብተህ፣ ከዘራ ይዘህ፣ በጨለማ ካብ ልትዘል?»

«ከዘራውን አንቺ ትይዢልኛለሽ።»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። አርጊሪስ ቅርጫቱ አጠገብ እንደተቀመጠ በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«ብቻ ከአንገቱ እንዳትቆርጪው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትናንት ስጎነጉን… እንጃ፣ ገንዳው የሌለ መስሎኝ ነበር።»

ሉኪያ አጠገቡ ተቀመጠች። ባሕሩ መካከል የተጋደመው እሳተ ገሞራ ትንሽ ጭስ ተነፈሰ።

የቅዱስ ትሪፎን ዕለት ሙሉ መንደሩ እርሻው ላይ ፈሰሰ። የዚያን ቀን መከርከሚያ መቀስና መጥረቢያ ቤት ይውላል፤ በበዓሉ ወይን የቆረጠ የገዛ አፍንጫውን ይቆርጣል ይባላል፣ እውነት መሆኑን ለማጣራት የደፈረ አፍንጫ የለም። የደቡብ ነፋስ ለስለስ ብሎ ይነፍሳል። ከምድር ቤቱ ክሊዮ የቀቀለችው የክክ ወጥ በሽንኩርትና በወይራ ዘይት ይሸታል፤ ሽታው ከሌላ ደሴት ጀልባ ጠርቶ አምጥቷል ያለም አለ።

ቄስ ሌፍቴሪስ በአንድ እጃቸው ጸበል ይረጫሉ፣ በአንድ እጃቸው ቆባቸውን ይዘዋል። ከኋላቸው ነገረኛው ስታማቲስ ጢሙን እየፈተለ ይከተላል። ጢሙ ትልቅ ነው፤ ስታማቲስ ራሱ ጢሙ ሥር የበቀለ ነው የሚመስለው።

«ኒኪታስ! ዛሬ ምላስህን ቤት ረስተህ መጣህ እንዴ?» አለ።

አባባ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሰው ተያየ።

የማርጋሪታ ሥር ጋ ሲደርሱ ሕዝቡ ክብ ሠራ። «እንዴት ያለ እጅ ነው!» አለ አንዱ። «ሐር ነው እንጂ ሐረግ ነው እንዴ?» አለች ሌላዋ። አርጊሪስ ከሁሉም ኋላ፣ ካቡ ጋ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ሊሮጥ የተዘጋጀ ይመስላል።

አባባ ኒኪታስ ቆባቸውን አወለቁ። «ሥሯ የእናቴ የማርጋሪታ ነበረች» አሉ፤ ወጉ ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። «ከዛሬ ጀምሮስ የማን ናት?»

ሉኪያ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። የገዛ ስሟ። ቀና ስትል አባባ ቅርጫቱን አያዩም፤ እሷን ነው የሚያዩት። በእነዚያ በደከሙ ዓይኖች ውስጥ ቁጣ ፈለገች፤ አጣች። «የሉኪያ» ብትል ራሳቸውን ነቅንቀው «አሜን» እንደሚሉ ገባት። ከነገ ጀምሮም ካፌ ተቀምጠው «ደህና ናት» እያሉ ካርታቸውን እንደሚጥሉ፣ በየጠዋቱ እዚህች ቅርጫት ጋ ሲደርሱ ቆባቸውን አንስተው ምንም ሳይሉ እንደሚያልፉ።

«የአርጊሪስ» አለች።

ቄሱ ጆሯቸውን አቀረቡ። «የማን?»

«የአርጊሪስ ናት። እሱ ነው የጎነጎናት። እኔ ሁለት ሐረግ ሰበርኩ፣ ከዚያ ፈራሁ።» ወደ አያቷ ዞረች። «አባባ፣ ትናንት ዋሸሁዎት።»

የስታማቲስ ጢም ተንቀጠቀጠ፣ ተነሣ፣ ሳቁ ፈነዳ። «በለው! እትብቷን የጎነጎነችው! ኒኪታስ፣ እትብቱንም የጎረቤት ልጅ ይሆናል የጎነጎነላት!»

ሰው ሊስቅ አፉን ከፈተ። አባባ ኒኪታስ ግን ሕዝቡን በክርናቸው እየከፈሉ ቀጥ ብለው ወደ ካቡ ሄዱ። አርጊሪስ ፊት ቆሙ።

«አውጣት» አሉት።

«ምኗን… አባባ?»

«እጅህን።»

አርጊሪስ ጆሮው ቲማቲም መስሎ ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ። አባባ በሁለት እጃቸው ዳሰሷት፤ አውራ ጣቱን፣ መዳፉን፣ ከትናንት ወዲያ ሐረግ የላጠውን ቆዳ። «የአያትህ እጅ ናት» አሉ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ እጁን እንደ ባንዲራ ወደ ሰማይ አነሡት፤ ደረታቸው ተነፋ፤ ድምፃቸውም ከባሕሩ ዳር ገደል ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ።

«ስታማቲስ! ስማ! አንተ ቅድመ አያትህን ከመቃብር ብትቀሰቅስ፣ እርሻህ ላይ ወደ ግራ የሚዞር አንድ ወይን ታገኛለህ? አታገኝም! ይህ ተራራ ከፈነዳበት ቀን ጀምሮ፣ በዚህ ደሴት፣ በዚህ ባሕር፣ በግሪክ አገር በሙሉ ወደ ግራ የዞረ ወይን አንድ ነው! እሱም የት ነው ያለው? የኔ እርሻ ላይ! ነፋሱ ራሱ በየት በኩል እንደሚገባ ግራ ገብቶት ነው የሚመለሰው!»

ስታማቲስ ቢፈልግ ቢፈልግ መልስ አጣ፤ ጢሙን ብቻ አገኘ።

«ተመስገን!» ብላ ጮኸች ክሊዮ ከድስቷ አጠገብ። «ዳኑ! ሐኪሙ ይቅር!»

ቄሱ ጸበሉን ቅርጫቱ ላይ ረጩ፣ አርጊሪስ ላይም ረጩ፣ ለማንኛውም ብለው ስታማቲስ ላይም ጨመሩ። ሕዝቡ እየተንጫጫ ወደ ወጡ ሽታ ወረደ። አርጊሪስ ግን ቅርጫቱ አጠገብ ተንበርክኮ ቀረ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሉኪያን አያት። ሊቀልድ እንደፈለገ ያስታውቃል፤ ግን አልወጣለትም።

አባባ ወደ እሷ መጡ። ጉራቸው ገና አልበረደላቸውም፤ ይተነፍሳሉ።

«ሥሩ የእናቴ ነው፣ ቅርጫቱ የእሱ ይሁን» አሉ። «አንቺስ? ሜዳ ላይ ቀረሽ እኮ።»

ሉኪያ እርሻውን ዞራ አየች። ጥጉ ጋ፣ ነፋሱ ከሁሉ በፊት የሚደርስበት ቦታ፣ ከጉቶው ሐረግ እንደ ጅራፍ ወደ ላይ ያወጣ ሥር አለ።

«የአጎት ዞርዚስን ስጡኝ።»

«ዞርዚስን?» አባባ ደነገጡ። «እሱ እኮ በቁሙ ከቅዱሳን ጋር የሚጣላ ሰው ነበር። ሐረጉም እንደሱ ነው፤ እኔን እንኳ በጥፊ መትቶኛል! ደግሞ ዛሬ ስም መጥሪያው አለፈ። ቅርጫት ብትጨርሺ እንኳ ስሙ የሚጠራልሽ ለሚመጣው ዓመት ነው።»

«ለሚመጣው ዓመት ይሁን።»

«ላይሳካ ይችላል።»

«ለዚያኛው ይሁና።»

አባባ ቆባቸውን ደፍተው ወደ ጥጉ ተመለከቱና፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለአጎት ዞርዚስ ጫፉን ብድግ አደረጉለት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ሉኪያ ጥጉ ላይ ተንበረከከች። ከእሷ አምስት ስድስት እርምጃ ርቆ አርጊሪስ የራሱ ወይን ዙሪያ ደቃቅ ድንጋይ እየለቀመ ያፏጫል። የሚለቀም ድንጋይ ከጨረሰ ቆይቷል፤ የተለቀመውን እየመለሰ እንደገና ይለቅማል።

ሉኪያ አንዱን ሐረግ በሁለት መዳፏ ይዛ ተነፈሰችበት። አሞቀችው። ሲጥ እስኪል ጠመዘዘችው። ወደ ቀኝ አጠፈችው።

«ቀጭ!»

ፉጨቱ ቆመ። አርጊሪስ ብድግ ብሎ ግራ እጁን ዘረጋ፤ አፉም ሊከፈት ነበር።

«ንክች እንዳታደርገው!» አለች ሉኪያ፣ ቀና ሳትል።

የተሰበረውን ቁራጭ ከጎኗ አስቀመጠች። ቀጥሎ ያለውን ሐረግ በመዳፎቿ መካከል ያዘችና፣ እንደ አዲስ፣ ቀስ ብላ ታሞቀው ጀመር።